መስከረም አይጠባም የተባለበት ክረምት

ወንድምጋሼ መሬታቸውን አልዘራም እንዳሉ የነገረችኝ ሚስታቸው ናት። እኔ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ወንድምጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ያርሳሉ።

«ጎረቤቱ ሁሉ በቆሎውን ዘርቶ ጨረሰ» አለችኝ በስልክ። «እሳቸው ለበርበሬው መደብ እንኳ አልቆፈሩም። ዓመቱ መስከረምን አያይም ይላሉ። እባክህ ና፤ አንተን ይሰሙ ይሆናል።»

በተኩሱ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት ጠብቄ ሄድኩ። ወንድምጋሼን ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰባኪ ይጮሃል። ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንደሚሰብክ የሚያውቅ የለም፤ ድምፁ ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ሲገለበጥ የመጣ ነው። ስምንተኛው ሺህ ገብቷል፣ ጦርነቱም ረሃቡም የተጻፈ ነው፣ ይህ ክረምት የመጨረሻው ነው ይላል።

«ወንድምጋሼ፣ ቀኑን የሚያውቅ የለም ተብሎ የለም ወይ?» አልኳቸው።

«እኔ መች ቀኑን አልኩ? ዓመቱን ነው ያልኩት» አሉኝ።

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ሳቄ ቀረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ማዳበሪያ ሊያመጣ ወደ ቡሬ እንደወጣ መንገድ ላይ በተኩስ መካከል ሞቶባቸዋል። ማን እንደተኮሰ አልታወቀም። የጠየቀም የለም።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ «የኔታ ይፍረዱን» ብለው እሺ አሉኝ። የኔታ ሁለታችንንም ዳዊት ያስደገሙን፣ ኋላም የሐዲሳት ትርጓሜ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ደቀ መዛሙርታቸው በመንገዱ ክፋት ተበትነው ጎጆዎቹ ባዷቸውን ቀርተዋል። ሰባኪውን ከስልኩ እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አንድም ጊዜ አላቋረጡትም።

«ስምንተኛው ሺህ ገባ ይላል» አሉ ከዚያ። «እውነት ነው፤ ገብቷል። ከገባ ግን አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ደምርበት፤ ራስህ ታገኘዋለህ። ባሕረ ሐሳብ የተሠራው ጾሙና በዓሉ እንዳይፋለስ ነው እንጂ የምጽአትን ቀን ለማውጣት አይደለም።»

«ጦርነቱስ፣ የኔታ?» አሉ ወንድሜ። «ወንድም በወንድሙ ላይ መነሳቱስ?»

«ወንጌሉ ጦርነትን ስትሰሙ አትደንግጡ፣ ፍጻሜው ገና ነው ይላል። ሰውዬው አትደንግጡ የሚለውን ዘልሎታል። የምጥ መጀመሪያ የተባለውን የመውለጃ ሰዓት አደረገው። በጳውሎስም ጊዜ ተሰሎንቄ ላይ ቀኑ ደረሰ ተብሎ ነበር። እንዳትታወኩ ብሎ ጻፈላቸው፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡትንም ገሠጻቸው። ሂድና ዝራ፣ ልጄ።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወንድምጋሼ ግን እንዲህ አሉ፦

«የኔታ፣ ፈርቼ መሰለዎ? ሙታን ይነሣሉ ብለው ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ልጄን የማየው ያን ቀን ነው። ታዲያ ቀኑ ቢፈጥን ምን አለበት? በቆሎው ለማን ነው?»

የኔታ «መነሣቱስ አይቀርም። መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ከቅድሙ የተለየ ነበር።

አልዘሩም። ክረምቱን ሁሉ ዝናቡ ሲወርድ በጎረቤት ማሳ በቆሎው ሰው አከለ፤ የእሳቸው መሬት ጦም አደረ፣ አረም በላው። ባለቤታቸው ከወንድሟ ቤት እህል እያመጣች ቤቱን ያዘች።

መስከረምም ጠባ። ለዘመን መለወጫ ስሄድ ወንድምጋሼ ይናደዳሉ ወይም ያፍራሉ ብዬ ነበር። አንዱንም አልሆኑም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«እንኳን አደረስዎ» አልኳቸው።

«አደረሰኝ?» አሉኝ።

ሰባኪው ዓመቱን ስቆጥር ተሳስቼ ነበር ብሎ ሌላ ዓመት መናገሩን ከሰው ሰምቼ ነበር። እንዳይሰሙት ፈርቼ ሳጣራ ድምፁን ከስልካቸው ራሳቸው አጥፍተውት አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን መሳለምንም ከዚያ ወዲህ ትተዋል። የኔታ ሰው ቢልኩባቸው «ደከመኝ በልልኝ» ብለው መለሱ።

ስወጣ ሚስታቸው እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«አንተና የኔታ ልክ ነበራችሁ» አለች። «እኔም ልክ እንድትሆኑ እለምን ነበር። ግን ያኔ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ጠዋት ይነሡ ነበር፤ ሰማይ ሰማዩን ያዩ ነበር። አሁን የሚጠብቁት የለም።»

 አሁን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታዋለች። እኔም መንገዱ ሲከፈት እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዝናቡ አወራለሁ። ወንድምጋሼ ይሰሙኛል፤ አይመልሱልኝም።