ማርስ ላይ ያገኘነው ሜዳ

ብዙ ደክማችሁ ያገኛችሁትን ነገር በገዛ እጃችሁ አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት አንድ ተማሪዬ የሠራውን ግራፍ በላጲስ ሲፈገፍግ አየሁና የተመረቅኩበት ሰኔ ትዝ አለኝ።

እኔና የክፍል ጓደኛዬ ውባለም ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናታችንን አብረን ነበር የምንሠራው፤ ማርስ ላይ የምትሄድ ሰው አልባ ተሽከርካሪ፣ ሮቨር፣ በላከችው የራዳር መረጃ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቨሯ እየሄደች የሬዲዮ ሞገድ ከሥሯ ወዳለው መሬት ትልካለች። ሞገዱ ከድንጋይ ወይም ከአፈር ንጣፍ ጋር ሲጋጭ ይመለሳል። የተመለሰው በተላከበት ተራ ጎን ለጎን ሲደረደር የከርሰ ምድሩን ሥዕል ይሰጣል። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ ችግሩ ማንበቡ ላይ ነው።

እኛም አነበብን። ከተዝረከረከው ሥዕል መሀል እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ያሉ ንጣፎች አገኘን። የጥንት ሐይቅ ወለል ነው አልን። አማካሪያችን ደስ አላቸው፤ ለረዳት መምህርነት የሚቀረው አንድ ተመራቂም እኔ እንደምሆን ፍንጭ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ መብላት እንኳ ተሳነኝ።

በማቅረቢያችን ዋዜማ ውባለም እናቷን ልትጠይቅ አምበር ስትሄድ ተከተልኳት፤ ማርቆስ መዋል አልቻልኩም። ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ የታረሰው መሬት ይሸታል። ዳገቱ መሀል የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ውባለም የገብስ ቆሎ እየቆረጠመች፣ የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ የሚሥለውን ስልኳን አሳየችኝ።

«እየው፣ ዳገቱ ሜዳ ሆነልን።»

«ስልክሽ ተበላሽቶ ነው።»

«ምን በወጣው! እኛ ቆምን እንጂ እሱ መሣሉን አልተወም።»

የዘገንኩት ቆሎ እጄ ላይ ቀረ። «ሮቨሯስ?» አልኳት።

መቆርጠሟን አቆመች። «እንዳትለው» አለች።

ማርቆስ ደርሰን ሮቨሯ የነበረችበትን ቦታ ከሥዕሉ ጋር አስተያየን። ሐይቃችን ያለበት ላይ ሮቨሯ ንቅንቅ አላለችም። ቆማ ያንኑ ነጥብ ደጋግማ ስትለካ፣ ተመሳሳይ ምላሽ ተደርድሮ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል።

«ማንም አያውቅም እኮ» አለች ውባለም።

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ እረሳዋለሁ። የማትረሳው አንተ ነህ። የመምህርነቱ ሥራም ያንተ ነው፤ በል ምረጥ።»

ግቢውን ስዞር ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ከዚያ ገብቼ ሐይቁን ሰረዝኩት።

በማግስቱ ጥናቱን ያለ ሐይቁ ስናቀርብ አማካሪያችን «ታዲያ ምን ቀረ?» አሉ።

«ድንጋዮች አሉ፣ መምህር።»

«ድንጋይማ እኛም ሰፈር ሞልቷል።» አዳራሹ ሳቀ። የረዳት መምህርነቱ ቦታ ለሌላ ተሰጠ፤ እኔም ደብረ ኤልያስ ፊዚክስ ላስተምር መጣሁ።

አይቆጨኝም አልልም። ማርቆስ በሄድኩ ቁጥር ያ ቦታ ውል ይለኛል። ግን ያን ሐይቅ ይዤ ተማሪ ፊት መቆም እችል ነበር ወይ ስል፣ መልሱን አውቀዋለሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ወዳጃችሁ ዓይኑን ይጨፍን፤ እናንተ የጭቃ ግድግዳ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ሂዱ። እንጨቱ ባለበትና በሌለበት ድምፁ ይለያያል። ከዚያ ሳትነግሩት ቁሙና አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ አንኳኩ። «አሁን ግድግዳው አንድ ወጥ ሆነ» ብሎ ደስ ሲለው፣ ዝም ማለት ትችሉ እንደሆነ እዩት።