ችካል የተከልኩበት የመሮጫ መሬት

ሥራዬ የመንገድ አፈር መመርመር ነው። ገለምሶም ይሁን መሰላ፣ መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን ቆፍሬ ጭነት ይችላል አይችልም የምል ሰው ነኝ። ስለዚህ ጭሮ ውስጥ አንድ ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ፣ ወይ መሮጥ እንድጀምር ወይ ክኒን እንድውጥ ሲነግረኝ፣ ከሩጫው ይልቅ ያሳሰበኝ መሬቱ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን አስሮ ይወጣል። እኔ ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ አስፋልቱን ሞከርኩ። ከሚኤሶ በኩል ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ጭሳቸውን ፊቴ ላይ ይለቁብኛል፤ ጫት የጫኑት ደግሞ ዳር እስክይዝ እንኳ አይጠብቁኝም። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ አበጠ። «አስፋልት፦ ለጉልበት ይደርቃል» ብዬ ጻፍኩ። ሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ፤ እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልሮጥኩም። ማታ ማታ ግን ሱቅ ቆማ ውላ ለምትገባው ባለቤቴ መንገድ ላይ የሚደለደለውን የገረጋንቲና የቀይ አፈርን ልዩነት አስረዳለሁ። ታግሣ ታግሣ፣ እስካሁን ከእግሬ ይልቅ አፌ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንዳልቀረ ነገረችኝ።

በነገሩ ተናድጄ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ተዳፋት ሄድኩ። በማሽላ ማሳና በጫት ማሳ መካከል ለስላሳ ቀይ አፈር አገኘሁ። በየሃምሳ እርምጃው ብረት እየሰካሁ ጥንካሬውን ለካሁ፣ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ አፈሩን በመዳፌ አሸሁ። ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎችም ተከልኩ። ደብተሬ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ከሥሩ ፈረምኩ። ለማን እንደፈረምኩ አላውቅም።

ሰኞ ማለዳ አዲስ ቱታ ለብሼ ስመለስ፣ የመጀመሪያው ችካሌ አጠገብ ሰባት ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተነሱ፤ የጫቱ ባለቤት ናቸው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠሁ። እሳቸው ግን ጉዳዩ የመንግሥት ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፣ በአማርኛ መለሱልኝ። ችካሉን ካዩ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው፣ ጎረቤቶቻቸውም ለካሳ ብለው የጫት እግራቸውን ሲቆጥሩ እንደዋሉ ነገሩኝ።

«መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አሉ።

«አባባ፣ መንገድ የለም። የምሮጥበትን ቦታ እየመረጥኩ ነው።»

«ማን እያባረረህ?»

«ማንም። ለጤናዬ ነው።»

ከኋላቸው አንዲት ሴት ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ አላመኑኝማ። ነገሩ እውነት ከሆነ እዚሁ ሩጥና እንይህ አሉኝ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ሮጥኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ቀይ አፈር ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ስንት ዓመት ሙሉ ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩት እኔው ነኝ። ሁለተኛው ችካል ጋ ሳልደርስ እግሮቼ ቀደሙኝ፤ እኔ በመቀመጫዬ ተከተልኳቸው። የቆምኩት የጫቱ አጥር ሲይዘኝ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም አመኑኝ።

ሽማግሌው እጄን ይዘው አነሱኝ። «እዚህማ ከዘነበ አህያ እንኳ አትረግጥም» አሉ፤ አሁን እሳቸውም ሳቃቸው መጥቷል። ከማሽላው በላይ ያለውን ጠጠራማ መንገድ በከዘራቸው አሳዩኝ። አህዮች ጭነው ወደ ገበያ የሚወርዱበት ነው። አህያ ጭነት ይዛ የማይመቻት መሬት እንደማትመርጥ፣ ይህን ለማወቅም ብረት እንደማያስፈልግ አስረዱኝ። ከመሄዴ በፊት ችካሎቹን በገዛ እጄ አስነቀሉኝ፤ ጉድጓዶቹንም ደፈንኩ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የአህያ መንገዱ ላይ እሮጣለሁ። እሮጣለሁ የሚለው ቃል ትንሽ ይበዛብኛል፤ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ሰላም ብለውኝ ያልፉኛል። ጉልበቴ ግን ማበጡን ትቷል። ሽማግሌው አንዳንድ ጠዋት ጫታቸው ውስጥ ሆነው፣ ዛሬስ የሚያባርርህ ሰው ደረሰብህ ወይ ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ። የገበያ ቀን ሲሆን አህዮቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ዳር ይዤ እቆምና አሳልፋቸዋለሁ።