ሞያሌ ላይ የቀረው የደብረ ታቦር ሰው

ህንዳዊው ባልደረባዬ ለማስተማር ደብረ ታቦር ሲመጣ አንድም የአማርኛ ቃል አያውቅም ነበር። ቋንቋውን ያስለመዱት አከራዩ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሰው አክባሪ ባልቴት ስለሆኑ «አንተ» የሚባል ነገር አላሳዩትም። ስለዚህ ሁላችንንም አንቱ ይለናል፤ ተማሪዎቹን፣ የባጃጅ ሾፌሩን፣ ግቢ ውስጥ የታሰረውን በግ ሳይቀር። እሁድ እሁድ አብረን ወደ ጋፋት በእግር ስንወጣ መንገደኛው ቆሞ የሚያወራው ከሱ ጋር ነው። እኔ፣ እዚያው ተወልጄ ያደግሁት፣ ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ።

አብሮን ያስተምር የነበረ ኬንያዊ ጓደኛችን አገሩ ተመልሶ ሲያገባ ሁለታችንንም ጠራን። ሙሽራይቱ የሞያሌ ልጅ ናት። ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት፤ ሰርጉ በወዲያኛው በኩል ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ እንደማያስፈልግ ሰምተናል። ህንዳዊውም የመኖሪያ ፈቃዱን ኪሱ ከተተና «እንግዲህ ይበቃናል» አለ።

ወገባችን እስኪቆረጥ በአውቶቡስ ተጉዘን ሞያሌ ደረስን። ድንበሩ ላይ የኔ ፓስፖርት ወዲያው ማህተም ተመታበት። የሱ ተራ ሲደርስ የኬንያው ሹም ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲሠራ ስለኖረ አማርኛ ይችላል።

«ይሄ ኢትዮጵያ ውስጥ እንድትኖር የሚፈቅድልህ ነው» አለው። «ወደኛ የምትገባው በህንድ ፓስፖርትህ ነው። ለዚያ ደግሞ አስቀድመህ በኢንተርኔት ፈቃድ መጠየቅ አለብህ።»

«አንቱ፣ እኔ እኮ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ!»

ሹሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንቱ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን አልችልም ወንድሜ።»

ማመልከቻውን እዚያው በስልኩ ላከ። መልሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል ተባለ፤ ሰርጉ ግን በማግስቱ ነው። ሆድ ባሰው። የውጭ አገር ሰው መሆኑን እኔ ከረሳሁት ቆይቻለሁ፤ እሱም ረስቶት የነበረ ይመስለኛል።

«አንቱ ይሂዱ» አለኝ። «ስለኔም ይብሉልኝ።»

ወደ ኢትዮጵያው በኩል ተመልሰን ሆቴል አደርን፤ በማግስቱ ብቻዬን ተሻገርሁ። ሙሽራው ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ቆም ብሎ አሰበ። «እኔስ? እናንተ አገር ለመግባት መቼ ቪዛ ተጠየቅሁ?»

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ፓስፖርታቸውን ይዘው ወደ ድንበሩ ሄዱ። ሙሽራይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ተሰለፈች። ተራ የሚጠብቀው ሰው በጭብጨባ አሳለፋት። ሆቴሉ ስንደርስ ባልደረባዬ ግቢው ውስጥ ካልሲውን እያጠበ ነበር። ሲያየን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ አከራዩ ያስጠኑትን ምርቃት አንድ ቃል ሳያስቀር አወረደው። «አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሙሽራይቱ ምን እንዳለ ባይገባትም አቀፈችው። የፍየል ጥብስ ታዘዘ፣ የሆቴሉ ሠራተኞች እልል አሉ፣ እሱም ባዶ እግሩን እስክስታ መታ።

ፈቃዱ ስልኩ ላይ የገባው ደብረ ታቦር ከተመለስን በኋላ ነው። አላባከነውም። በትምህርት እረፍቱ ተመልሶ ሄደና ሙሽሮቹ ቤት ሳምንት ያህል ሰነበተ። እኔ የፈተና እርማት ይዞኝ ቀረሁ።