የጋሼ ጥሩነህ ክንድ

የባንኮው ሥራ የተጀመረው ማክሰኞ ቀን ነው። ምንም ያልደረሰብን የመጨረሻ ቀንም ያው ማክሰኞ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከገበያው በላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ቤታችንን የሚያውቅ ሁሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የወይራ ዘንግ ያውቃታል። አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች ይጠይቁኛል። ሜትር እያለ ይህች ለምን ትሰቀላለች ይሉኛል። በአፌ ጀምሬ ጨርሼው አላውቅም። ጠላት ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ትልቁ ሆኜ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደርሻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ልሞክረው።

ባለሙያው ወንድሜ ጥሩነህ ነበር። እኔ ቢተው እባላለሁ፤ ሁለተኛው ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን በልጅነቴ ስለ ሞተ ያሳደገኝም ሥራ ያስያዘኝም እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ያን ዓመት አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ነበር።

ከጣሊያን በፊት ሥራችን በር፣ አልጋ፣ ሞፈርና ቀንበር ነበር። ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ የሠራነው ለራሳችን ቤት ነው፤ የሠራነውም ከአሮጌው የቤታችን በር ነው። በሩ አንድ ጫፉ ዝናብ በልቶት ስለነበር አውልቀን በአዲስ ተካነው። ጋሼ ሳንቃዎቹን ፈታ፣ ላጋቸው፣ አራት እግር አቆመላቸው። እናታችን አልወደደችውም። ሰው የረገጠውና የገፋው በር ላይ እህል አይቀርብም አለች። እሱም፣ “የሚበላው ሲያልቅ አንኳኪበት እማ፣ ይከፈታል” አላት። ስቃ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ወንፊቷንና ማድጋዋን ታስቀምጥበት ነበር።

ጣሊያኖቹ ሲገቡ ሣጥን በዛ። የጥይት ሣጥን፣ የቤንዚን ሣጥን፣ የብስኩት ሣጥን። እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ደርቆ የመጣ ስለሆነ አይጣመምም። ከጥይት ሣጥን ጠረጴዛ መሥራት ተማርን። መጀመሪያ ምስማሩ በጉጠት ይነቀላል እንጂ በመዶሻ አይመታም። የተነቀለው ምስማር በድንጋይ ላይ ይቃናል። የምስማሩ ቀዳዳ ሰጋቱራ ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይደፈናል። ሲደርቅ ይላጋል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ምስማር መንቀል፣ መድፈንና መላግ የእኔ ሥራ ነበር። መለካትና መቁረጥ የእሱ ነበር።

ልኬታችን ክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ፣ ሃያ አራት የጣት ስፋት። በየሥራ ቤቱ ክንድ ማለት የባለሙያው ክንድ ነው። በእኛም ቤት አንድ ክንድ ማለት የጋሼ ጥሩነህ ክንድ ነበር። የእኔ በሁለት ጣት ያጥራል። አንድ ቀን ሳንቃ ላይ ክንዴን ዘርግቼ አገኘኝና፣ “አንሣው፣ ያንተ ክንድ ገና ጡት አልጣለም” አለኝ።

ያን ማክሰኞ ጋሼ ከጣሊያኖቹ ምሽግ ተመለሰ። አንድ ካፒታኖ፣ ሻምበላቸው ማለት ነው፣ ለመኮንኖቹ መጠጥ ቤት ሊከፍት ኖሮ አስጠርቶት ነበር። መጠጥ የሚቀዳበት፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ ረጅም ጠረጴዛ አዘዘው። ባንኮ ይሉታል። አንዱ ጫፍ ከግድግዳው፣ ሌላው ጫፍ ከበሩ መቃን መግጠም አለበት። ካፒታኖው የሚታጠፍ ሜትር ሰጠው። ጋሼ አልተቀበለም፤ በክንዱ ለካ። ሰውየው ሳቀበት፣ እሱም መልሶ ሳቀ።

ይህን ሲነግረኝ ሜትሩን ለምን እንዳልተቀበለ ጠየቅሁት።

“ሜትር ይረሳል” አለኝ። “ክንዴን የት እረሳዋለሁ?”

ከዚያ ፍም ከጠፋበት ምድጃ ከሰል አንሥቶ ግድግዳው ላይ ጻፈ። ርዝመት ስምንት ክንድ። ከፍታ ሁለት ክንድ። ስፋት አንድ ክንድ ከስንዝር። እንጨቱን እነሱ ላኩልን። መንገድ ላይ የተገለበጠ ካሚዮን ነበር፤ የጭነቱ ማስቀመጫ ሳንቃዎች ናቸው። ወፍራም፣ ረጅም፣ ዘይት የጠጣ እንጨት። ቀኑን ሙሉ ምስማር ስነቅል ዋልኩ። እሱ ስድስቱን እግሮች ቆርጦ ጥግ ላይ ደረደራቸው።

ለባንኮው ጠርዝ ዋንዛ ያስፈልጋል አለ። የመኮንን ክርን የሚያርፍበት ስለሆነ የካሚዮን ሳንቃ አይሆንም አለ። በማግሥቱ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስኬደው ሮብ ገበያ እንድሄድ አዘዘኝ። ጉጥ የሌለው ይሁን አለኝ። “ፊቱን ብቻ እያየህ እንዳትገዛ፣ ገልብጠህ ጀርባውን እይ።” ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው። ሌላ ቢናገርም አላስታውስም።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ አህያ ነድቼ ወጣሁ። ዋንዛውን ገዛሁ። ገልብጬ ጀርባውን አይቻለሁ። እዚያው አድሬ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደረስኩ።

የሥራ ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ሰው የለበትም። እናቴ ከደጁ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በደምበጫ መንገድ አርበኞች ካሚዮን አቃጥለው ኖሯል። ረቡዕ ጧት ወታደሮች ሰፈራችንን ከበው ያገኙትን ወንድ ሁሉ ወስደዋል። ጋሼን የወሰዱት መላጊያ በእጁ እንዳለ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ቆዩኝ ብሎ መላጊያውን በጎኑ አስተኝቶት ነው የወጣው። መላጊያ በሆዱ ከተቀመጠ ስለቱ ይዶለዱማል። እኔም ሳየው በጎኑ ተኝቶ ነበር።

ብዙም ሳልቆይ የካፒታኖው አስተርጓሚ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ ኮትና ባርኔጣ ያደርጋል። በሩ ላይ ቆሞ እግሮቹንና ሳንቃውን አየ። ባንኮው ቅዳሜ መቆም እንዳለበት ነገረኝ።

“ቅዳሜ ከቆመ ካፒታኖው ስለ ወንድምህ ያነጋግራል” አለኝ።

ወንድሜ የት እንዳለ ጠየቅሁት። ከምሽጉ በታች ካለው በረት ነው አለኝ። እናቴ ተነሥታ እግሩን ሳመችው። እሱ እግሩን ሰበሰበ።

ሥራውን ጀመርኩ። መጀመሪያ እግሮቹን በክንዴ ለካኋቸው። ግድግዳው ሁለት ክንድ ይላል። እያንዳንዳቸው ከሁለት ክንድ በአራት ጣት ይበልጣሉ። ጋሼ አንዳንዴ ለማስተካከያ ትርፍ ይተው ነበር። ለዚያ የተወው ነው ብዬ አሰብኩ። ስድስቱንም በአራት ጣት፣ በአራት ጣት ቆረጥኳቸው። ከዚያ ሳንቃውን በክንዴ ስምንት ጊዜ ለካሁና እሱንም ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ክንዴ እንደሚያጥር አውቅ ነበር። ራሱ ነግሮኝ ነበር። ግን ያን ቀን ስለ ባንኮ አላሰብኩም። ያሰብኩት ቅዳሜን ነው።

ዓርብ ደፈንኩ፣ ላግሁ፣ ዋንዛውን ገጠምኩ። እናቴ ምሳ በአገልግል ይዛ በረቱ ዘንድ ሄደች። ዘበኞቹ አላስገቧትም፤ አገልግሉን ግን ተቀበሏት። ቆይተው ባዶውን መለሱላት። በልቶታል ብላ ደስ ብሏት መጣች። ሽሮው ሳይተርፍ እንደተጠረገ አሳየችኝ። ቅዳሜም ይዛ ሄደች፤ ያን ቀንም ባዶውን መለሱላት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባንኮው ተፈታቶ በሁለት በቅሎ ወጣ። ወደ ምሽጉ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እግሮቹን አቆምኩ። ሳንቃውን ጫንኩ። አንዱን ጫፍ ከግድግዳው አስጠግቼ ወደ ሌላው ጫፍ ዞርኩ።

አልደረሰም። በባንኮውና በመቃኑ መካከል ዶሮ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ካፒታኖው መጣና ክርኑን ለማሳረፍ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለት አልነበረበትም። ክፍተቱ ውስጥ እጁን አስገብቶ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። ከኪሱ ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ለአስተርጓሚው ተናገረ።

“ማነው የለካው? ይላል።”

በዚያች ክፍተት ወንድሜን ያስቀሩብኛል ብዬ ነው የፈራሁት። ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም።

“የለካው ወንድሜ ነው፤ እሱ አልተሳሳተም” አልኩ። “የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የእኔ ክንድ አጭር ነው። እሱን ይስጡንና አብረን እናስተካክለዋለን በሉልኝ ጌታዬ።”

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ወለሉን አየ። ካፒታኖው ምን አለ ብሎ ሳይጠይቀው አልቀረም፤ አስተርጓሚው አጭር መልስ ሰጠው። ምን እንዳለው አላውቅም። ካፒታኖው ጥቂት ተናግሮ ሜትሩን እያጠፈ ወጣ።

“ነገ ጧት መጥተህ ሙላው ብሏል” አለኝ።

“ወንድሜስ?”

“ወንድምህ የለም።”

“ወዴት ወሰዱት?”

“ሐሙስ ጧት ነው። ከተያዙት ሁሉ ጋር። የተቀበሩበትንም አያሳዩም፤ እንዳትጠይቅ።”

“ሐሙስ እኮ ቤት መጥተው ነግረውኝ ነበር።”

“ከዚያ በኋላ ነው የመጣሁት” አለ። “ባንኮው እንዲያልቅ ታዝዤ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ።”

መጋዜን አንሥቼ ወጣሁ። ዓርብና ቅዳሜ የተበላው ምሳ የማን ምሳ እንደነበረ እስካሁን አላውቅም። እናቴም ጠይቃኝ አታውቅም።

እሑድ ጧት ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው። ሰው እንዲቀመጥ ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቷል። አሮጌው በር፣ ማለት ጠረጴዛው፣ አጥሩ ሥር ተገልብጦ እግሮቹ ወደ ላይ ቆመዋል። እሑድ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ገመድና ቢላ ይዤ ወጣሁ።

ያን ጠረጴዛ ጋሼ ሲሠራው ሦስት ክንድ ነው ማለቱን አስታውሳለሁ። ርዝመቱን በገመድ ለክቼ ገመዱን ከሦስት ባጥፈው የእሱን ክንድ አገኛለሁ ብዬ ነው። ለክፍተቱ አያስፈልገኝም ነበር። ክፍተት ራሱን በገመድ ለክቶ መሙላት ይቻላል። ክንዱን የፈለግሁት ለባንኮው አይደለም።

አንዲት ጎረቤታችን አየችኝና፣ ወንድሙ ሞቶ ይኸ በገመድ ይለካል እንዴ አለች። እናቴ ሰማችና ነጠላዋን እንደታጠቀች ወጣች። ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም። የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዘችልኝ።

“ስንት ነው የምትለው?” አለችኝ።

“ሦስት ክንድ።”

“አይደለም። ሦስት ክንድ ከሁለት ጣት ነው። ዝናብ የበላውን ጫፍ ከቆረጠ በኋላ ይህችን ጠርዝ ጨመረበት። ያቺን አትቁጠር።”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጫፉ ላይ ሁለት ጣት የምትሰፋ ቀጭን ሳንቃ በአራት ምስማር ተመትታለች። ባትነግረኝ ኖሮ እንደገና እሳሳት ነበር። እሷ የገመዱን ጫፍ ከጠርዙ ወዲህ ባለው መገጣጠሚያ ላይ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። እኔ ወጠርኩ። ከሦስት አጥፌ የወይራ ዘንግ በዚያ ልክ ቆረጥኩ። ዘንጓን በክንዴ ላይ አስተኛኋት። ከጣቴ ጫፍ በሁለት ጣት አለፈች። እናቴ ከእጄ ወስዳ ትንሽ ጊዜ ያዘቻትና መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ገባች።

እኔ ወደ ሥራ ቤት ሄድኩ። የቆረጥኳቸው ስድስት ቁራጮች መጋዙ ከጣላቸው ቦታ አልተነሡም። በከረጢት ከተትኳቸው። ጥቂት ሳንቃም ጨመርኩ። ወደ ምሽጉ ወጣሁ። አልሄድም ማለት ነበረብህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እናቴ ግን ቤት ነበረች፤ ብቀር ወደ እሷ ነበር የሚመጡት።

በዘንጓ ባንኮውን ለካሁት። ሰባት ክንድ ከስምንት ጣት ሆነ። የጎደለውን አሥራ ስድስት ጣት ቀጠልኩና መቃኑን ነካ። ስድስቱን ቁራጮች ከየእግራቸው ሥር መልሼ መታኋቸው። እንደገና ስለካው ከፍታው ሁለት ክንድ፣ ርዝመቱ ስምንት ክንድ ነበር። ግድግዳችን ላይ እንደተጻፈው።

የሥራ ቤታችን ደንብ ከዚያ ጧት ወዲህ ነው። ማንም ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በክንዱ ልክ ዘንግ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሰው ሲሄድ ክንዱን ይዞ ይሄዳል።