ብቅ ብሎ የሚጠፋው መልእክት

ሥራ የጀመርኩት ቃሊቲ ነው። ቢሯችን ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ወረድ ብሎ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው ስለተደረደሩ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ቀና ሳይል "ይማርህ" ይለው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኤርሚያስ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠኝና ለአንድ ትምህርት ቤት የሠሩትን የመመዝገቢያ ቅጽ ከፈተልኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ከታች ደግሞ "ላክ" የሚል ቁልፍ። ሞላሁና ተጫንኩት። ገጹ ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩት። አሁንም ዝም።

"አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ አስመዘገብክ" አለኝ ከጀርባዬ ቆሞ።

"ምንም አላለኝም እኮ።"

"ሥራህ እሱ ነው። ሰው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ አንድ ነገር በለው።"

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ግን አይሠራም። ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ያጣ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚደግመው ሁሉ፣ ቅጽ ልኮ መልስ ያጣ ሰውም ቁልፉን ይደጋግማል። ስለዚህ ቅጹ ሲላክ በስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ እንድትል እናደርጋለን። ነገሩ ከተሳካ አረንጓዴ፣ ካልተሳካ ቀይ ነች። ጥቂት ሴኮንድ ቆይታ ራሷ ትጠፋለች። ፈረንጆቹ ከዳቦ መጥበሻ ማሽን ተስፈንጥሮ በሚወጣው ዳቦ ስም ቶስት ብለዋታል፤ እኛም ቶስት እንላታለን።

ሥራው ትንሽ ነው ተብሎ ሁሉም ወደ እኔ ገፋው። እኔ ግን ወደድኩት። የተላከውን የሚቀበለው ሰርቨር "ተቀብያለሁ" ሳይል መልእክቱን ማሳየት ውሸት መሆኑን፣ አንዴ የተጫነውን ቁልፍ እንዳይደገም ወዲያው መቆለፍ እንደሚገባ፣ ቀዩን መልእክት ከአረንጓዴው አስበልጦ ማቆየት እንደሚሻል ቀስ በቀስ ተማርኩ። ከጀማሪ ፕሮግራመርነት ሲኒየር እስክባል ድረስ ቶስት የሚባል ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚያልፈው።

አንድ ጊዜ የአንድ ኮሌጅ ባለቤት መልእክቱ "ክቡር አመልካች፣ ራዕይን ከተግባር ያጣመረውን ኮሌጃችንን ስለመረጡ ከልብ እያመሰገንን..." ብሎ እንዲጀምር አዘዙኝ። ሠራሁላቸውና ጮክ ብለው እንዲያነቡት ጠየቅኳቸው። "ራዕይን" ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና ሞከሩ። አሁንም "ራዕይን" ላይ ጠፋ።

"እሺ፣ ማመልከቻዎ ደርሷል በለው" አሉኝ። ሳቅንና ተለያየን። በዚያን ጊዜ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር የምንሠራው።

ከዓመታት በኋላ የቢሮው ኪራይ ሲንር ኤርሚያስ ሁላችንንም ከቤት እንድንሠራ አደረገን። እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። የእኔ ጎረቤቶች ግን በጠዋት ሰርቪስ ይዘው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ደክሟቸው በራቸውን ይዘጋሉ። ደረጃ ላይ "ሰላም ነው?" እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም።

ቀኑን ሙሉ ቅጽ እሞላለሁ፣ ላክ እላለሁ፣ "በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል" ይለኛል። የጻፍኩት እኔ፣ የላክሁት እኔ፣ የተመለሰልኝም የራሴው ቃል። ስልክ ሲደወልልኝ ድምፄ ሻክሮ የሚወጣባቸው ቀናት ነበሩ፤ ከነጋ ከማንም ጋር ስላላወራሁ ነው። ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ኤርሚያስ ደወለ። ቃሊቲ ያለ አንድ የዕቃ መጋዘን የእኛን ሲስተም ይጠቀማል። የጭነት መኪና በሩ ላይ ሲደርስ መዝጋቢዋ ታርጋውን ታስገባለች፤ ሲስተሙ የማራገፊያ ተራ ይሰጠዋል። አሁን አንድ መኪና ሁለት ተራ እየያዘ ነው። ማራገፊያው ባዶውን ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ሾፌር ይጮሃል፣ ጠብም ተነሥቷል።

"መዝገቡን አየሁት፤ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ነው የምትልከው" አለኝ። "ሲስተሙ ችግር የለበትም ብለህ ሪፖርት ጻፍላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያሰናብቷታል። እኛን አይመለከትም።"

"ሰው በእኔ ጽሑፍ እንጀራውን ሊያጣ? መጀመሪያ ሄጄ ልይ።"

"ምን ልታይ? መዝገቡ እኮ አለ።"

ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከአልጋዬ ያስነሣኝ ለሴትዮዋ ማዘኔ ብቻ አይደለም። ከቤት የምወጣበት ምክንያት አጥቼ ነበር፤ ምክንያት ሳገኝ ሸሚዜን ተኮስኩ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሽኩር ግቢው ውስጥ ተቀበሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሾፌሮቹ ሲጮሁባቸው ነው የሚውሉት። "ወይዘሮ ጸዳለ መልካም ሴት ናቸው" አሉኝ። "ጡረታቸውም ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀራቸው። ግን ኮምፒውተሩ አልሆነላቸውም። ምን ላድርግ? አንተ ሲስተሙ ደህና ነው ካልክ ማሰናበቴ ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እትዬ ጸዳለ የሚወራባቸውን አልሰሙም። በበሩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቷን ከፍተው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

"ደህና አደሩ፣ እትዬ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልትቆጣጠረኝ ነው የመጣኸው?"

"አይ፣ ሲስተሙን ላየው ነው።"

"እሱንስ እይልኝ። ና፣ ቁጭ በል" ብለው በርጩማ ሳቡልኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ተሳቢ በሩ ላይ ቆመ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሾፌር ወርዶ መስኮቱ ጋ መጣ። እትዬ ጸዳለ ታርጋውን፣ የጭነቱን ዓይነት፣ የሾፌሩን ስም በሁለት ጣት፣ ግን ሳይሳሳቱ ጻፉና ላክ አሉ። አረንጓዴዋ መልእክት በጥጉ ብቅ አለች። እሳቸውም አዩ፣ እኔም አየሁ።

ከዚያ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ማዞር ጀመሩ። መቆሚያው የዛገ ስለሆነ ሲጥ ሲጥ እያለ ነው የሚዞረው። "ይኸው ጋሼ፣ ይዩት" አሉ። ስክሪኑ ሾፌሩ ፊት ሲደርስ ግን መልእክቷ የለችም። ባዶ ቅጽ ብቻ ነው።

"ምኑን ልይ? ባዶ ነው እኮ" አለ ሾፌሩ።

"አሁን ነበረ።"

"ነበረ ምን ያደርግልኛል፣ እናቴ? ባለፈው ሌላ ቦታ ተመዝግበሃል ተብዬ ተራዬን ዘለሉኝ።"

አልተከራከሩትም። ስክሪኑን ወደ ሾፌሩ እንደዞረ ትተው ብድግ አሉ፤ አንገታቸውን በጎን አስግገው እያዩ ያንኑ ሁሉ እንደገና ጻፉና ላክ አሉ። ሾፌሩ አረንጓዴውን አየ። "አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

"ለምን ደገሙት፣ እትዬ?" አልኳቸው።

"ላሳየው ነዋ።"

"መጀመሪያ እርስዎ አይተውት ነበር እኮ።"

"እኔማ አየሁ። የእኔ ማየት ለእሱ ምን ይፈይድለታል? ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ነው፤ በዓይኑ አይቶ ይግባ እንጂ። በእስክሪብቶ ስንጽፍም መዝገቡን አዙሬ ነበር የማሳየው።"

"ሁለተኛው ሌላ ተራ ይይዝለታል እኮ።"

ደነገጡ። እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። "እኔ ያንኑ የደገምኩት መስሎኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ ያ ሁሉ ጠብ በእኔ ነው?"

"ደግመው እንደሚልኩ ለምን ለኃላፊው አልነገሯቸውም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሲስተሙ ድግግሞሹን የማይከለክለው በምክንያት ነው። ከአቅራቢያው ፋብሪካ ዕቃ የሚያመላልሱ መኪኖች በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ታርጋ ደጋግሞ መመዝገቡ ትክክል ነው። መልእክቷ የምትቆይባቸው ሴኮንዶችም እኛ ሁላችን ከምንጠቀምበት፣ ተዘጋጅቶ ከሚመጣው የፕሮግራም ፓኬጅ ጋር የመጡ ናቸው። ያች መልእክት የተሠራችው ብቻውን ስክሪን ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ። እዚህ በር ላይ ግን አንዱ ይልካል፣ መልሱን የሚጠብቀው ሌላው ነው። ገላን ቁጭ ብዬ መዝገብ ሳይ ብከርም ይህን አላገኘውም ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱና ክዳኑ ላይ ከፍለው ሰጡኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። ከሰው ጋር ከበላሁ ቆይቼ ነበር። ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ፊቴን አዙሬ፣ ሽሮው አቃጠለኝ ብዬ ውኃ ጠየቅኩ።

"ከማን ጋር ነው የምትኖረው?" አሉኝ።

"ብቻዬን።"

"ታዲያ ሥራህን ስትጨርስ ለማን ትናገራለህ?"

"ለማንም።"

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው "ቁጥርህን ንገረኝ" አሉ።

ማታውኑ ለኤርሚያስ ደወልኩ። "መልእክቷ መጥፋት የለባትም" አልኩት።

"ቶስት እኮ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው። ካልጠፋ ምኑን ቶስት ሆነ?"

"እንግዲያው ሌላ ስም አውጣለት።"

መልእክቷን ከጥግ አንሥቼ መሐል ላይ አደረግኳት። ታርጋውንና ተራውን ከሩቅ በሚነበብ ትልቅ ፊደል ጻፍኩ። ከሥሩ "አይቻለሁ" የሚል ቁልፍ አደረግሁ፤ ሾፌሩ አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ እትዬ ጸዳለ ይጫኑታል። እስኪጫኑት ድረስ መልእክቷ ንቅንቅ አትልም።

ሪፖርቱንም ልክ እንዳየሁት አድርጌ ጻፍኩ። አቶ ሽኩር አንብበው ደወሉልኝ። "ለአንድ ሰው ተብሎ ሲስተም ይቀየራል?"

"የቀየርኩት ለሾፌሮቹ ነው።"

"ሰኞን እናያለን። አንድ መኪና እንኳ ከተደገመ ሴትዮዋን አሰናብታለሁ። እናንተም ውላችሁን እርሱት።"

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ ምዝገባውን ስከታተል ዋልኩ። ታርጋዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ታርጋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ሰዓቱን ሳየው በመካከሉ ግማሽ ቀን አለ፤ ከፋብሪካው የሚመላለሰው መኪና ነው። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የመጋዘኑ በር ሲዘጋ የተደገመ አልነበረም። ለኤርሚያስ "ንጹሕ ነው" ብዬ ጻፍኩለት፤ አላየውም። በረንዳ ወጣሁ። የጎረቤቶቼ ሰርቪስ ገና አልመጣም። ለሰው መንገር ፈለግሁ፤ የምነግረው አጣሁ።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ጸዳለ ናቸው።

"ልጄ፣ ዛሬ አንድም አልደገምኩም። አቶ ሽኩርም እዚሁ ይሥሩ ብለውኛል።"

"አይቼዋለሁ፣ እትዬ። ከዚህ ሆኜ ስከታተል ነው የዋልኩት።"

"ማየትህንማ አውቃለሁ። ግን ልንገርህ ብዬ ነው። በል ደህና እደር" ብለው ዘጉ።

ስልኩን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቆየሁ። ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሲነግረኝ ነበር የዋለው። ሥራው እንዳለቀ የተሰማኝ ግን እሳቸው ሲነግሩኝ ነው። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም። ሥራህ ደርሷል ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ከነበረኝ ብዙ ጊዜ አልፎ ነበር።

እትዬ ጸዳለ ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ በር አልተነሡም። እኔ አሁንም ገላን ነኝ፣ አሁንም ብቻዬን እሠራለሁ። ቅጽ ሠርታችሁ የምታስረክቡ ልጆች መልእክቱ ስንት ሴኮንድ ይቆይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱን የሚጠብቀው ሰው እስኪያየው ይቆይ።