የብሩሹ ግራ እጅ

እሷ ፊደል ስታይ እንደ እኔና እንደ እናንተ አታነብም። ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ካርድ ቢልክላት መጀመሪያ ዓይኗ የሚገባው የ«ደ» እግር ወፍሮ የ«ስ» እግር መቅጠኑ ነው። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነዋ! ፋርማሲ የሚከፍት፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ጥርስ የሚነቅል ሁሉ የሱቁን ስም ይዞላት ይመጣል። እሷ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ትጽፍና በአንዲት ትእዛዝ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ትለውጠዋለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው መስመር፣ ኩርባና ነጥብ ብቻ ነው። መስመሩ ዞሮ ዞሮ ከገጠመ ወደ ላይ ስባ ውፍረት ትሰጠዋለች፤ የመቁረጫው ማሽን ደግሞ ከወፍራም ፕላስቲክ ፈልፍሎ ያወጣዋል። የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረች ግን ሶፍትዌሩ ወይ ፍንክች! የ«መ» ሁለት ዓይኖች ቀዳዳ መሆናቸውን በደንብ ካልነገሩትም ድፍን አድርጎ፣ ቡጢ የቀመሰ ሰው አስመስሎ ቁጭ ያደርገዋል።

ከእሷ በፊት ይህን ሥራ በቀለም የሠራው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰፈርተኛው ስሙን ረስቶት «ብሩሹ» ነው የሚለው፤ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች። እናትና አባታቸው በሞቱ ጊዜ እሷ ገና ጡት የጣለች ልጅ ነበረች። አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለወግ ያበቃት እሱ ነው፤ ያውም መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ። ማስመሪያ አይነካም ነበር። ግድግዳውን በጎን አየት ያደርግና «እዚህ ጋ ይጀምራል፣ እዚያ ጋ ያልቃል» ይላል፤ እውነትም እዚያ ጋ ያልቃል። የጠጅ ቤት ታፔላ እንኳ ብሩሹ ከጻፈው ቤተ መጻሕፍት ይመስላል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

እሷ የንድፍ ሥራ ተምራ ኮምፒውተርና ማሽን ይዛ ስትመጣ፣ ወሬኛ መቼም አይጠፋም፣ «ብሩሹ፣ አለቀልህ! አሳድገህ አሳድገህ የምትጥልህን አመጣህ» አሉት። እሱ ሳቀ። እሷም አልጣለችውም። ከተማውን ዞራ እሱ የጻፋቸውን ታፔላዎች ፎቶ አነሳች፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በመስመር ተከትላ፣ ከኪቦርድ የሚጻፍ ፎንት አደረገቻቸው። ብሩሹ አጠገቧ ተቀምጦ ሲነዘንዛት ነው የከረመው። «የ‹ቀ›ን ሆድ አታጥብቢው እንጂ፣ ይተንፍስ! ኧረ ያቺን ‹ሸ› ተያት፣ እሷን የጻፍኳት አሞኝ በነበረ ቀን ነው!» ያለቀ ዕለት በአንድ ጣቱ የሚስቱን የቁልምጫ ስም ጻፈና የገዛ እጁ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ። ደንበኛውም «የብሩሹን እጅ አድርጉልኝ» እያለ መጣ። እሱ ግድግዳውንና የጭነት መኪናውን በቀለም፣ እሷ ታፔላውን በማሽን፤ ቤቱ ሞቀ ደመቀ።

ክፉ ቀን ግን ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሐኪሞቹ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል አሉ። አንደበቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እግሩም በከዘራ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን እንደወጣ ቀረ። ያ ተጫዋች ሰው ኮቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ መዋል ሆነ ሥራው። እህቱ ማሽኑን ታስጮኻለች፣ እሱ ዞር ብሎ አያያትም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሚስቱ እህቱን ወደ ጓዳ ጠርታ አንሾካሾከችላት። «ስሚ፣ ወንድምሽ በግራው መጻፍ ጀምሯል። ነግሬሻለሁ፣ ያየሽ እንዳትመስዪ!» እሷም በመስኮት አሾልካ አየች። ብሩሹ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ የቀለም ብሩሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ እያጠቀሰ ሲሚንቶው ላይ ይጽፋል። ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይታይና ፀሐይዋ ትመጥጠዋለች፤ እሱ ደግሞ እንደገና ይጽፋል። መጀመሪያ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ቀን ቀንን ሲወልድ ግን እየቆመ፣ እየተስተካከለ መጣ። ከጽሑፉ ጋር ሰውየውም መጣ፤ ቀልዱም ቁጣውም ተመለሰ። ሚስቱ «ዛሬ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ጮኸብኝ፣ ተመስገን!» አለች።

በዚህ መሀል ሱቁን ወደ ዋናው መንገድ ለማዛወር ተነሡ። ለአዲሱ ቤት ታፔላ ያስፈልጋል። ብሩሹ ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዚህን ቤት ታፔላ የምጽፈው እኔ ነኝ» አለ። «በግራዬ። ይቺ ከተሰቀለች ሥራዬን ጀመርኩ ማለት ነው፤ አይቶ የወደደ ያዘኛል፣ ያልወደደ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ተዘረጋ። ሚስቱ ጠርዙን በጉልበቷ ያዘችለት፤ እሱ ተንበርክኮ «ወንድምና እህት የማስታወቂያ ሥራ» ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ፊደሎቹ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለዋል፤ ጠርዛቸው ይንቀጠቀጣል፤ የ«ማ» ሁለተኛ ዓይን ከመጀመሪያው ገዝፏል። ቢሆንም ይነበባል፣ ደግሞም ሰው የጻፈው ነው።

«በይ፣ ወደ ቅርጽ ለውጪልኝ» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለች። አፏን ሞልታ ነው እሺ ያለችው።

ፎቶ አንስታ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባችው፤ ጠርዙን ራሱ በመስመር እንዲከተለው አደረገች። እግዜር ያሳያችሁ! እያንዳንዷ የእጅ መንቀጥቀጥ አንድ ነጥብ ሆነች። አንዲት «ወ» ብቻዋን የነጥብ መንጋ ናት፤ መስመሩ እዚህ ይበጠሳል፣ እዚያ ራሱን ያቋርጣል። ውፍረት ልትሰጠው ብትል አሻፈረኝ አለ። ቁጭ ብላ ነጥብ በነጥብ ልትጠግነው ትችል ነበር፤ ሥራው አድካሚ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ሁለት ፊደል ጠገነችም። ግን የጠገነቻቸውን አይታ ማውሱን ለቀቀች። «ይሄንን ሰው ሲያይ ምን ይላል? ምስኪን፣ ብሩሹ እንዲህ ሆኖ ቀረ አይልም?» አለች ለራሷ። ወይ አለማወቅ! ክፋት ቢሆን ኖሮ እኮ ትመለስ ነበር። ርኅራኄ ግን ሰውን ልክ ነኝ ያሰኘዋል።

እና ያንኑ ጽሑፍ በፎንቱ፣ በብሩሹ የድሮ እጅ ጻፈችው። ወደ ቅርጽ ለወጠችው። ሁሉም መስመር ገጠመ፣ የ«ማ» ዓይኖች ብሩህ ሆነው ወጡ። ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። የጤናውን ዘመን መልሼ ልሰጠው ነው ብላ ነው ያለቀሰችው።

ታፔላ የሚሰቅል ሰው ፊደሎቹን ግድግዳ ላይ ከመግጠሙ በፊት ቦታቸውን ትልቅ ወረቀት ላይ ያሰምራል፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፍና በላዩ በድሪል ይበሳል፤ ከዚያ ገንጥሎ ይጥለዋል። እሷም በዕለቱ ስትጣደፍ ልኩ የሚበቃ ወረቀት ፈለገች። ጥቅል ሆኖ ጥግ የቆመውን አገኘች፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። አሰመረችበት፣ ለጠፈችው፣ በሳችው፣ ገነጠለችው።

ታፔላው ተሰቀለ፤ መብራቱ ቦግ አለ። ብሩሹ አስፋልቱ ዳር ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ ሚስቱ ከጀርባው ቆማለች። ሰፈርተኛው አጨበጨበ። «ብሩሹ ተመለሰ! ይሄ እጅ ነው ታመመ ያላችሁት?» አለ አንዱ ጎረቤት።

ብሩሹ ቀና ብሎ ታፔላውን አየ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«አንተ ነሃ ጋሼ! የራስህ እጅ ነው እኮ፣ የድሮው፣ የደህናው።» ደስታዋ ገና አልበረደም።

ዓይኑ ከመሰላሉ ሥር የተጣለው ወረቀት ላይ አረፈ። ሚስቱን በከዘራው አመለከታት፤ አንስታ ዘረጋችለት። ጠርዙ ተቀዷል፣ ፕላስተር ተንጠልጥሎበታል፣ የግራ እጁ ፊደሎች መሀል ለመሀል ተበስተዋል። ይሄኔ ነው እህቱ ያደረገችውን ያወቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ...»

«ይሳቁ ነበራ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም አብሬ እስቅ ነበር።» ግራ እጁን ከጉልበቱ አነሳ። «እቴ፣ እኔ ያለሁት በዚችኛዋ ነው። ያንን መሰላል የሚወጣውን ሰውዬማ ሁሉም ያውቀዋል። አዲሱን ላስተዋውቃቸው ነበር።»

ሚስቱ ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችና «በሉ እንግባ፣ ብርድ ነው» አለች። ብርድ አልነበረም።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምንኛ በተሻለ! በማግስቱ እንደ ወትሮው ሱቅ መጣ፤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ደንበኛ ማነጋገር ያዘ። የግቢው ሲሚንቶ ግን ደርቆ ዋለ፣ ደርቆ ከረመ። የሚጽፍበትን ብሩሽ ጎረቤት የበሩን ዝገት ቀለም ሊቀባበት ለመነው፤ ሰጠው፤ መልስልኝም አላለው። ሚስቱ «ሰው የሞተብኝ ያህል ነው ያዘንኩት፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም» ብላ ለእህቱ ነገረቻት።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ፎቶው ስልኳ ውስጥ ነበርና እህቱ ሁሉንም ከአንድ ጀመረችው። አንዲት መንቀጥቀጥ ሳታለሰልስ፣ የተበጠሰውን ብቻ እየቀጠለች፣ ነጥብ በነጥብ ሄደችበት። ስትሄድበት ነው የታያት፦ ዘንበል ማለታቸው እኩል ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው ያዘነበሉት። ሰውየው በግራው አዲስ አጻጻፍ እየፈጠረ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሕመም ብላ አለፈችው። ቆርጣ ጨረሰችና ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠራችው።

ብሩሹ በግራ ጣቱ ጠርዛቸውን ዳሰሰ። «ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል» አለ።

«ያኛውን አውርጄ ልስቀለው?»

«ተዪው።»

«ለምን ጋሼ? በሞቴ!»

«ያኔ ቢሆን ታፔላ ነበር። አሁን ይቅርታ ነው። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ግን በር ላይ አይሰቀልም።» ፀጉሯን ደባበሳትና ስልኩ ስለጮኸ ወደ ቦታው ሄደ።

አሁንም አብረው ይሠራሉ። ትናንት ዳቦ ቤት ልትከፍት ያሰበች ሴት መጣች፤ ደጁ ላይ ቆማ ታፔላውን ስታይ ቆየችና ገባች።

«ልክ እንደ ውጪው ያለ ጽሑፍ ነው የምፈልገው» አለች። «እንዴት ያምራል! የማን እጅ ነው?»

እህቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ብሩሹ ከስልኩ ቀና አለ። ቂም በድምፁ ውስጥ የለም፤ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

«የእሷ ነው» አለ።

ሴትዮዋ ዞራ ፈገግ አለችላት። «እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ!»

«አሜን» አለች። ሌላ ምን ትበል?