የእታለም ዳስ

እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ የሣርም የእንጨትም አይደለም፤ በሁለቱ መሐል ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ፣ ትንሽ መረር የሚል፣ ውኃ ውኃ የሚሸት ነገር ነው። ባለፈው ጥር ከእንጅባራ ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ መንገድ ዳር ወንበር የሚሠሩ ሰዎች አንዱን ረጅም ቀርከሃ ከጫፉ ይዘው ጧ ጧ እያደረጉ ሲሰነጥቁት ሽታው በባጃጁ ሸራ በኩል ገባና፣ ጉልበቴ ላይ የያዝኩትን ድንች ረስቼ ሄድኩ። ሾፌሩ «እናቴ፣ ደርሰናል» ብሎ ደጋግሞ ነው የጠራኝ። እናቴ የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ መድረሴንም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ያደግሁት ጥርባ አጠገብ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ቤት ነው። አባ ገበሬ ነበር፤ ገብሱ ከተወቃና ድንቹ ከተቆፈረ በኋላ ግን በበጋው ደጅ ተቀምጦ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበር፣ አልጋና የእህል ቅርጫት ይሠራ ስለነበር፣ የልጅነቴ በጋ በሙሉ ያንኑ ይሸታል። እቤት አገውኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ላይ አማርኛ እንናገር ነበር። እማ በሁለቱም ትናገር ነበር፤ ስትለማመጥ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በአገውኛ፤ እኛም ቋንቋው ሲቀየር ብቻ ሰምተን እንሮጥ ነበር። እዚህ በአማርኛ የምጽፈው አብዛኛው ንግግር በአገውኛ የተባለ ነው።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ ስሟ ይታይሽ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እግሯ ማበጥ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ማጠር ጀመረና ትምህርቷን አቋረጠች። ሐኪሞቹ ልቧ ታሟል ብለው ኪኒን ሰጧት፤ ጭስ ውስጥ እንዳትውል፣ ስትተኛም ሽቅብ ተደግፋ እንድትተኛ ነገሩን። ጭስ የሌለበት ቤት ከየት ይመጣል? የኛ ቤት አንድ ክፍል ሆኖ ምድጃው መሐሉ ላይ፣ መስኮቱም መዳፍ የምታህል ነበረች። አባ ሐኪሙ ያለውን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና፣ ጀርባው ወደ ኋላ የሚጋደም የቀርከሃ ወንበር ሠርቶ፣ ዝናቡ ባባራ ሰሞን እሷን ከነወንበሯ ደጅ አወጣት።

ደጃችን ያን ጊዜ እንደማንም ሰው ደጅ ነበር፤ የፍግ ክምር፣ የማገዶ ክምር፣ ከብቶቹ የረጋገጡት ጭቃ። እታለም አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብላ አየችውና ማታ አባን «እኔ ከእንግዲህ ፍግ ሳይ ልዋል ነው?» አለችው። አባ ሳቀ፤ በነጋታው ግን ፍጉን ወደ ጓሮ አዛወረው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያረጀ ካላንደር ነበረ፤ በአበባ የተከበበ፣ ሰው የሌለበት የሩቅ አገር ቤት ሥዕል ያለበት። ያንን አስነቅላ ጭኗ ላይ አደረገችና፣ በሌላ እጇ ቀጭን ቀርከሃ ይዛ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ግቢውን ታዝ ጀመር።

የምትታዘዘው እኔ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ለምኜ አመጣለሁ፣ ከመስኩ አደይ አበባ ከነአፈሩ እነቅላለሁ፣ ከጅረቱ ዳር ጠጅ ሣር ተሸክሜ እመጣለሁ፤ እሷ በቀርከሃዋ እየጠቆመች «እሱን ወዲያ፣ አይ ትንሽ ወዲህ፣ እንዲህ ሆኖ ለኔ አይታየኝም» ትለኛለች። አፉ የተሸረፈ ገንቦ፣ ቂጡ የተበሳ ድስት፣ ለሁለት የተቆረጠ ጄሪካን ሁሉ አፈር ተሞልቶ አበባ ተተከለበት። የአበባውን መደብ በድንጋይ አስከበበችኝና ድንጋዩን ኖራ አስቀባችኝ። ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉን የምንቆርጠውን ኮባ እንኳ ከጓሮ አስነቅላ አጥሩ ሥር አስተከለችው፤ ከአበባው ኋላ አረንጓዴ ነገር መቆም አለበት ብላ። እማ «ለጎመን የሚሆን መሬት ለአበባ?» ብላ አጉረመረመች፤ እታለምም ጎመኑን በአበባው መሐል በመስመር አስተከለችና ሁለቱን አስታረቀቻቸው። እኔ እጄ እስኪላጥ እየሠራሁ እሰድባት ነበር፤ እሷ ግን ስትስቅ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ስድቤን በፈገግታ ብቻ ነበር የምትመልሰው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይወርድ ነበር። እኛ አገር ውርጭ ቀልድ አያውቅም፤ ድንቹን በአንድ ሌሊት ጥቁር አድርጎት ያድራል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ በፊት እያንዳንዱን ተክል ገለባ አለብስ፣ ጠዋት ደግሞ እገልጥ ነበር። ውርጩ በጠናበት ቀን ቀትሩ ይከፋል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እታለም በጠዋት ወጥታ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ጭሱ ትመለስ ጀመር። አባ ይህን አይቶ፣ ጥር እንደገባ፣ አራት ወፋፍራም ቀርከሃ ቆርጦ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ አቆማቸውና፣ በላያቸው የተሰነጠቀ ቀርከሃ እየጠላለፈ አሰረ። ከሸለቆው አፋፍ አዞ ሐረግ ከነሥሩ አምጥቶ በአንዱ ምሰሶ ሥር ተከለው፤ እስኪወጣለት ድረስም ጣሪያውን ሣር አለበሰው። ከውስጡ ዙሪያውን መቀመጫ ሠራለት። እሱ ጥላ ይለው ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ዳስ አለው፤ አይቶ ሌላ ስም ሊሰጠው የሚችልም አልነበረም።

ኑሯችን እዚያ ሥር ተዛወረ። እማ ገብሱን እዚያ ታበጥራለች፣ አባ ቅርጫቱን እዚያ ይሠራል፣ ምሳችንን እዚያ እንበላለን፣ እኔም የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ ነበር፤ እታለምም ካቋረጠችው ትምህርት በቀራት እውቀት ታርመኝ ነበር። ፊቷ ቀላ፤ ወይም እኛ እንዲያ መሰለን። በሕይወቴ ቤተሰቤን ሁሉ አንድ ላይ ደስ ብሎት ያየሁት በዚያ አንድ ወር ነው።

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ዳገቱ ላይ ቁልቁለቱ ላይ ዳስ ተጥሎ ከበሮ ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ የማናውቀው ሽማግሌ በፈረስ ሲያልፍ፣ አጥራችን አጠገብ ቆም ብሎ ዳሱንም አበባውንም አየና «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ሰርጉ የማን ነው?» አለ። እታለም ከወንበሯ ቀና ብላ «የኔ ነው አባባ፤ እሑድ ይምጡ» አለችው። ሽማግሌው «ውለጂ፣ ክበጂ» ብሎ መረቃትና ሄደ። እኔና እሷ ሳቅን፤ አባም ሳቀ። እማ ግን ሰፌዷን ከነገብሱ አንሥታ ወደ ቤት ገባች፣ እስኪመሽም አልወጣችም። አብረዋት የተማሩት የእታለም እኩዮች በዚያው ሰሞን ይዳሩ እንደነበር፣ ይህንንም እማ ከበሮ በሰማች ቁጥር ታስበው እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ሴት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ሰርጉ ቆመ፣ ዳሱ ሁሉ ፈረሰ። የኛ ግን እንደቆመ ነበር። የጾሙ መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤታችን እማሆይ ብርቄ መጡ። እማሆይ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እታለም በታመመች ቁጥር ጠበል ተሸክመው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ዳሱ ሥር ግቡ ሲባሉ እምቢ ብለው በር ላይ ቆመው እማን በዝቅታ አነጋገሯት፤ እኔ ጎመኑ መሐል ሆኜ እሰማ ነበር።

«እኔ ለክፉ አይደለም የምነግርሽ። ሰርጉ አለፈ፣ ጾሙ ገባ። በጾም የሚቆም ዳስ የምን ዳስ ነው? ያውም የታመመ ሰው ባለበት ቤት።»

«ለልጂቱ ጥላ ነው እኮ እማሆይ።»

«እሱማ አውቃለሁ። ብቻ በጾም ዳስ የሚጣለው ለአንድ ነገር ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

የምታውቀውን ነበር የነገሯት፤ በጾም ሰርግ የለም፣ በጾም ሰው ሰብስቦ ዳስ የሚያስጥል ልቅሶ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ እንቅልፍ አጣች። አባን አፍርሰው አለችው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ኋላ በአገውኛ። «ሞትን ደጄ ላይ አቁሜ ልደር?» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «የልጄን ትንፋሽ ነው አፍርስ የምትይኝ» ይላታል። ሁለቱም ለአንዲት ልጅ ሲሉ ነበር የሚጣሉት፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እማን ብቻ ነበር የጠላሁት። ቀስ በቀስ ዳሱ ሥር መግባት ተወች። የእታለምን ምሳ ይዛ ትመጣና ከውጭ ቆማ ትጠራኛለች፣ እኔ ተቀብዬ አስገባለሁ፤ እሷ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ትመለሳለች።

እታለም ይህን ሁሉ ታይ ነበር። አንድ ጠዋት አባ ሊያስወጣት ሲደግፋት «አባ፣ አፍርሰው» አለችው። አባ ያልሰማ መሰለ። «አፍርሰው ነው የምልህ። እዚያ ስቀመጥ እማ አታየኝም። እሷ ካላየችኝ አበባው ምን ያደርግልኛል?» አባ በዚያው ቀን ማሰሪያውን አንድ በአንድ እየፈታ፣ አንድም ቀርከሃ ሳይሰብር አወረደውና አጥሩ ሥር ከመረው። ሐረጉ መሬት ላይ ወደቀ። እማ ወጥታ እታለምን አቅፋ አለቀሰች፤ እታለም ደግሞ እሷን ታባብል ነበር።

በመጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጥ ነበር፤ ቀትሩ ግን ያባርራታል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ጀመረ፣ ሰኔ ላይ ጠናና ጨርሳ ገባች። በሩ ሲከፈት ከተቀመጠችበት ሆና አንድ ጽጌረዳና የገንቦውን ግማሽ ብቻ ታይ ነበር። ቀርከሃዋን አልጣለችም፤ ከትምህርት ቤት ስገባ «ምን ፈነዳ? በረዶው የቱን መታው?» ትለኛለች፣ እኔም ከጭሱ መሐል እነግራታለሁ። ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ ዓይኑን ባልገለጠበት ሰሞን፣ እማን ተደግፋ አረፈች።

የዚያን ቀን ዝናቡ አላባራም። ሰው እየጎረፈ መጣ፤ የእድሩ ድንኳን ሌላ ልቅሶ ላይ ተተክሎ ስለነበር ወንዶቹ ለቀስተኛውን የሚያስጠልል ዳስ ለመጣል እንጨት ፍለጋ ግቢውን ዞሩት። አጥሩ ሥር ክምሩን አገኙት። የተለካ፣ የተቆረጠ፣ ማሰሪያው ሳይቀር የተዘጋጀ ነበር፤ ጉድጓዶቹም በውኃ ተሞልተው እዚያው ነበሩ። ያንኑ ቀርከሃ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ አቆሙት። ክፉ ያሰበ አልነበረም፤ ሥራው ቀለለላቸው፣ ያ ብቻ ነው። አባ መጥቶ ያልተያዘውን አንዱን ጫፍ ያዘላቸው። እማ ሴቶቹ ደግፈዋት ስትወጣ ቀና ብላ አየችው። ሴቶቹ «አልቅሽ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል፤ እሷ ግን ለቅሶውን ተወችው። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ግቢው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ኖራ የተቀባው ድንጋይ እንኳ አልታየኝም።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር እቤታችን የተናገረ ሰው አልነበረም። አባም ሳይናገር አረፈ። እማ አሁን እንጅባራ እኔ ዘንድ ናት። ከተማው ተለውጧል፤ ሻይ ቤቱም ሆቴሉም ደጁ ላይ የቀርከሃ ዳስ አቁሞ፣ ዙሪያውን አበባ በማሰሮ ደርድሮ፣ ሰው እዚያ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ባለቤቴም ለልጆቹ ብሎ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሠራ። ሲሠራ እማን ምን ትላለህ ብዬው ነበር፤ እማ ግን አልከለከለችውም። ብቻ ልጆቹ እዚያ ሲጫወቱ እሷ የምትቀመጥባትን ትንሽ ዱካ ይዛ ከውጭ፣ ግድግዳው ሥር ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ጾም በገባ ሰሞን፣ አበባውን ውኃ ሳጠጣ፣ ሳልጠራት ተነሥታ መጣችና ዳሱ ሥር ገብታ ተቀመጠች።

«ልቧ እንደማይድን ሐኪሙ ለኔም ነግሮኝ ነበር። ዳሱ ቆሞም ቢሆን ትሞት ነበር፤ ይህን አጥቼው አይደለም። እኔን የሚበላኝ የሞተችበት ቀን አይደለም ልጄ። ከጾም እስከ ነሐሴ ያለው ነው። ውጭ፣ አበባዋን እያየች ትውለው ነበር፤ እኔ ጭስ ውስጥ አዋልኳት።»

ፈርታ እንጂ ጠልታ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ለሷ ግን የሚጠቅማት ነገር አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የኛ ዳስ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ በጾሙም በፍስኩም፣ በክረምቱም። የምን ዳስ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ልጆቼም ዳስ ምክንያት ይፈልግ እንደነበር አያውቁም፣ እንዲያውም ሰልችቷቸው ወደ ቤት ይገባሉ። ለእታለም የደረሳት ከጥር እስከ ጾም መግቢያ ብቻ ነበር።